ባለ መነጽሩና ሁለተኛዋ ሚስት

የመጨረሻውን ክፍል ተማሪዎች ሥነ ጽሑፍ የምታስተምረው መምህርት ሥራዋን ትወዳለች፤ ሥራው እሷን መውደዱ ግን ያጠራጥር ነበር። ክፍሏ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ የሚደርሳትም ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ተማሪዎቹ በሚቀጥለው ዓመት ወጥተው ዓለምን ሊገለብጡ ያሰቡ ናቸው፤ ለጊዜው ግን የዓይናቸውን ሽፋሽፍት ማንሳት አቅቷቸዋል። ወንዶቹ ቁመታቸው ረዝሞ ጉልበታቸው ከዴስኩ ሥር አልገባ ስላለ እግራቸውን መተላለፊያው ላይ ዘርግተው ይተኛሉ። ሴቶቹ ትንሽ ጨዋነት ስላላቸው ዓይናቸውን ገልጠው ይተኛሉ። ግጥም ስታነብ ድምፅዋ በስሜት ሲንቀጠቀጥ አብሮ የሚንቀጠቀጠው መስኮቱ ብቻ ነበር፤ እሱም መቀርቀሪያው ተሰብሮ ነው።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ደረጃውን ስትወርድ እነዚያው እንቅልፋሞች ተሰብስበው ሲጨቃጨቁ ሰማች። የሚጨቃጨቁት በሬዲዮ ስለሚተረክ አንድ እውነተኛ የወንጀል ታሪክ ነው። ዘራፊው በየት በኩል ገባ፣ ጎረቤቲቱ ፊቱን አየሁት ስትል የት ቆማ ነው፣ መብራት ነበር ወይስ አልነበረም። ሁለት ስንኝ በቃሉ መያዝ ያቃተው አንድ ልጅ የምስክሯን ቃል አንድም ሳያዛንፍ ይደግመዋል። መምህርቷ እዚያው ደረጃው ላይ ቆመች። ለካ ልጆቹ ሲነቁ እንዲህ ናቸው።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባች። ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ነው፤ ነገር ይመጣብኛል ብሎ ከመፍራቱ በቀር እንከን የለበትም። እውነተኛ የወንጀል ታሪክ መጽሐፍ ላስተምር ስትለው ብዕሩን አስቀምጦ አያት።

«ልጆቹ እኮ ያለ መማሪያ መጽሐፍም ይችሉበታል» አላት።

ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ ፈቀደላት፤ ደም እንዳይኖርበት፣ ሬሳ እንዳይኖርበት፣ ወላጅ እንዳይመጣበት ብቻ አስጠነቀቃት። ደምና ሬሳ የሌለበት የወንጀል መጽሐፍ ፍለጋ የአሮጌ መጻሕፍት ሻጮችን ደጅ ጠናች። አንደኛው ከመደርደሪያው ሥር ጎትቶ ያወጣላት መጽሐፍ የልጆቹ አያቶች ወጣት በነበሩበት ዘመን ስለተፈጸመ ነገር የሚተርክ ነው። አንድ ሰው መነጽር በሻንጣ ይዞ ከከተማ ከተማ እየዞረ ይሸጣል። በሦስት ከተማ፣ በሦስት ስም፣ ሦስት ሚስት አግብቶ፣ የሦስቱንም ጌጥና ጥሪት በዘዴ ሲያሟጥጥ ኖሮ በመጨረሻ አውቶቡስ መናኸሪያ ላይ በአንድ መርማሪ ተያዘ። ሕዝቡ ባለ መነጽሩ ይለው ነበር። መጽሐፉን ማንም ገዝቶት ስለማያውቅ ሻጩ ዘንድ ለክፍሉ በሙሉ የሚበቃ ተከምሯል።

ክፍሉ ነቃ። መምህርቷ በየገጹ የምትጠይቀው ሦስት ነገር ነበር፤ ይህን ማን አየ? ለጸሐፊው ማን ነገረው? ሳይጠየቅ የታለፈው ማን ነው? ልጆቹ ጥያቄዎቹን ወደዷቸው፤ ወደዷቸውና ይዘዋቸው ቤታቸው ሄዱ። ሳምንት ሳይሞላ አንድ አባት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ከች አለ። ሴት ልጁ ቅዳሜ ከሰዓት የት እንደዋለ ጠይቃው፣ ከጓደኛዬ ጋር ነበርኩ ሲላት፣ «ሌላስ ያየህ ሰው አለ?» አለችኝ ብሎ አመለከተ። የስፖርት መምህሩም ለምን እንዳረፈደ በተማሪዎች ከተመረመረ ወዲህ በጓሮ በር መግባት ጀመረ። ርዕሰ መምህሩ መምህርቷን ጠርቶ ደም የለበትም ማለቷን አስታወሳት፤ እሷም እስካሁን የደማ የለም አለችው።

ከሁሉ የባሰችው የኋላ ወንበር ላይ የምትቀመጠዋ ረጅም ልጅ ናት፤ ጓደኞቿ ጠበቃ ይሏታል። አንድ ቀን እጇን ሳታወጣ ተነሳች።

«ቲቸር፣ ሁለተኛዋ ሚስት አንድ ቃል አልተናገረችም። የመጀመሪያዋ ትናገራለች፣ ሦስተኛዋ ትናገራለች፣ መርማሪው ደግሞ አፉ አይዘጋም። እሷ ግን በመጽሐፉ ሙሉ የምታደርገው ማልቀስ ብቻ ነው። ጸሐፊው አላገኛትም ማለት ነው። ካላገኛት ማልቀሷን በምን አወቀ?»

መምህርቷ ጥያቄውን እንደያዘች ቤቷ ገባች።

ቤቷ ውስጥ ባሏና አማቷ አሉ። ባሏ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ቤት የሚያንጠባጥበውን ሲያደርቅ ይውልና የራሱን ቤት የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ለነገ ያሳድራል። አማቷ ቁጥብ ሴት ናቸው። ብዙ አይናገሩም፤ አንድ ዕቃ ቦታውን ከለወጠ ግን ያንን ዕቃ የለወጠው ሰው እስኪታወቀው ድረስ ዝም ይላሉ። ያ መጽሐፍ ቤቱ ከገባ ጀምሮ ዝምታቸው ጠንክሮ ነበር። ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው በግንባሩ ደፍተውት ታገኘዋለች። አንድ ቀን ከማቀዝቀዣው ጀርባ ጎትታ አወጣችው። ጨዋ ናቸው፣ የሦስት ሚስት ወሬ ቤታቸው እንዲገባ አይፈልጉም ብላ ደመደመች። ያለ ማስረጃ አትደምድሙ እያለች የምታስተምር ሴት መሆኗ ትዝ አላላትም።

እራት ላይ የጠበቃን ጥያቄ ለባሏ ስታወጋው የአማቷ ማንኪያ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ወደ ሳህኑ ተመለሰ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሳሎን ተቀምጣ የተማሪዎች ደብተር ስታርም አማቷ መጥተው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

«ያቺ ረጅም ልጅ ልክ ናት» አሉ። «አላለቀስኩም።»

መምህርቷ ቀይ እስክሪብቶዋን እንደያዘች፣ «ማን ነው ያላለቀሰው እማማ?» አለች።

«እኔ ነኛ። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ።»

እስክሪብቶው ወደቀ። አማቷ ጎንበስ ብለው አነሱላትና ለዘመናት የከደኑትን ከፈቱት። ሰውየው አሥር ቀን ለሥራ ይጠፋና ይመለሳል። ሲሄድ ተረከዙ የተቀደደ ካልሲ አድርጎ ይሄዳል፤ ሲመለስ ካልሲው ተሰፍቷል። የተሰፋውም ደግሞ በጥሩ እጅ ነው፤ ከእሳቸው ይበልጣል። ይህ ነገር ከጌጣቸው መጥፋት ይልቅ አበገናቸው። መርማሪው ዘንድ ሄደው ባሌ ሌላ ሚስት አለችው ሲሉት ስቆ ወደ ቤትሽ ሂጂ አላቸው። በማግስቱ የባላቸውን ካልሲ በሙሉ በዘንቢል አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩለት። መርማሪው ማስረጃውን አምኖ ይሁን ወይም የካልሲው ሽታ አስጨንቆት አይታወቅም፤ ብቻ ሰው አዘዘላቸው። የሚመለስበትን ቀን የነገሩት፣ መናኸሪያው በር ላይ ቆመው ያሳዩት እሳቸው ናቸው። መጽሐፉ ግን መርማሪውን ባለ ንስር ዓይን ብሎት አርፏል።

«ወንድ ልጅ አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ ካልሲ ሲሰፋ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሏት።

ይሄኔ ባሏ የመሣሪያ ሣጥኑን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ምን ያህሉን እንደሰማ ፊቱ ይናገራል። ሣጥኑን አስቀመጠና እላዩ ላይ ተቀመጠ። እናቱ ከአባቱ በፊት ባል እንደነበራቸው፣ ያውም መጽሐፍ የተጻፈበት ባል እንደነበራቸው፣ በጎልማሳነቱ መስማቱ ነው። ቀና ብሎ፣

«እና እኔ የማን ልጅ ነኝ?» አለ።

«የአባትህ። ካላመንክ ሂድና ጆሮህን በመስታወት እይ።»

ጆሮውን ዳሰሰ። ክርክር አልነበረውም፤ የአባቱ ጆሮ በሰፈሩ የታወቀ ነበር።

አባቱ ሁሉን ያውቁ ነበር አሉ አማቷ። ሕዝቡ የባለ መነጽሩ ሁለተኛ እያለ ሲጠቋቆምባቸው ከዚያ ከተማ ይዘዋቸው የወጡት እሳቸው ናቸው። በትዳር ዘመናቸው ነገሩን ያነሱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሐኪም የማንበቢያ መነጽር ያዘዘላቸው ቀን ቤት መጥተው፣ «ቅር ካለሽ ጋዜጣ ማንበቤን እተዋለሁ» አሏቸው።

ክፍል ልምጣና ልናገር ያሉት አማቷ ራሳቸው ናቸው። መምህርቷ አመነታች። ወር ሙሉ ልጆቹን በእውነት የኖረ ሰው ላይ ስትፈርዱ ተጠንቀቁ ስትል ኖራ፣ አሁን ያ ሰው የባሏ እናት ሆኖ ተገኘ። ለባሏማ ነገሩ ጭራሽ አልተዋጠለትም፤ በዚያን ዕለት የሆነ ቦታ የሆነ ቧንቧ እንደሚፈነዳ ከወዲሁ እርግጠኛ ነበር። አማቷ ግን ጥቁሩን ቀሚሳቸውን ተኩሰው፣ ፀጉራቸውን አሲዘው፣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ እያረፉ ወጡ። የመምህርቷን ወንበር ሲሰጧቸው አልተቀመጡም፤ ቆመው ሊናገሩ ፈለጉ።

ካልሲዎቹ ጋ ሲደርሱ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከፊት የተቀመጡት ወንዶች እግራቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡ። ሳቁ ሲበርድ ጠበቃ ተነሳች።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጸሐፊው የሰማው ከመርማሪው ነው፤ መርማሪው ራሱን ማሞገስ ይፈልጋል። እርስዎም ግን እንደ የዋህ አልቃሻ መቆጠር አይፈልጉም። ታዲያ ለምን እርስዎን እንመን?»

መምህርቷ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። አማቷ ግን ፊታቸው በራ።

«ይህን ጥያቄ ያኔ አንድ ሰው ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት» አሉ። «አትመኑኝ። ጠይቁኝ።»

ጠየቋቸው። መናኸሪያው የት ነበር፣ ከመርማሪው ጋር ስንት ሰው ነበር፣ እሳቸው በየት በኩል ቆሙ። አማቷ የሚያውቁትን አውቃለሁ፣ የማያስታውሱትን አላስታውስም አሉ። አንድ ጊዜማ ራሳቸውን አረሙ። ከዚያ ከመስኮቱ ጥግ ያለው ልጅ፣ ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ጠይቆ የማያውቀው፣ ይወዱት ነበር ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

ያን ጊዜ ተቀመጡ።

«ሳቂታ ነበር» አሉ። «ከሱ ጋር የሳቅሁትን ያህል ከማንም ጋር ስቄ አላውቅም፤ የልጄን አባት ጨምሮ። ሲይዙት መነጽሩ ከዓይኑ ወደቀ። መነጽር ሻጩ ያለ መነጽር አያይም ነበር። በእጁ መሬቱን ሲዳብስ፣ ሰዉ ቆሞ ይስቃል። አንስቼ ሰጠሁት። ማን እንደሰጠው ሳያይ፣ እግዜር ይስጥልኝ እመቤቴ አለኝ። ያኔ አልቅሻለሁ።»

ጠበቃ ለመጻፍ ያነሳችውን እስክሪብቶ ዴስኩ ላይ አስተኛችው። መስኮቱ እንኳ አልተንኳኳም። ጥቂት ቆይቶ ከበሩ ውጭ አንድ ሰው አፍንጫውን ሲናፈጥ ተሰማ። ርዕሰ መምህሩ ነበር።

ተማሪዎቹ መጽሐፉ የዘለለውን ምዕራፍ ሊጽፉ ተስማሙ፤ እንዲጽፍ የተመረጠው እጅ ደግሞ የጠበቃ ነው። ረቂቁን የመምህርቷ አማት እንዲያዩት ጠበቃ ራሷ ቤታቸው ይዛው መጣች። ሁሉንም ወደዱት፤ አንዲቷን ዓረፍተ ነገር ግን ሰርዢያት አሉ። ሁለተኛዋ ሚስት አለቀሰች የምትለዋን። ጠበቃ በራስዎ አንደበት ነው ያሉት ብላ ድርቅ አለች። አማቷ እኔ ላለቀስኩት አንቺ ምን አገባሽ አሉ። ጉዳዩ ወደ ሳሎን ገብቶ በር ተዘጋበት፤ መምህርቷና ባሏ ከኩሽና ጆሯቸውን ቀስረው አንዴ የአንደኛዋ፣ አንዴ የሌላኛዋ ድምፅ ከፍ ሲል ይሰማሉ። ሻይ ሁለት ጊዜ ገባላቸው፣ ሁለቱንም ጊዜ ሳይነካ ቀዝቅዞ ወጣ።

በመጨረሻ በሩ ተከፈተና ጠበቃ የታረመውን ጮክ ብላ አነበበችው፤ «ሁለተኛዋ ሚስት አንድ ጊዜ አለቀሰች። ምክንያቱን ግን የሚያውቁት የጠየቋት ብቻ ናቸው።»

አማቷ ራሳቸውን በመስማማት ነቀነቁ። ባሏ እጁን በፎጣ እየጠረገ ከኩሽና ብቅ አለ።

«ምክንያቱ ምን ነበር እማዬ?»

«ያን ዕለት ቧንቧህ ፈንድቶ አልነበር?» አሉትና ለጠበቃ ትኩስ ሻይ ይቀዱላት ጀመር።