የእናቴ መቀነት ጫፍ

ክረምት በገባ ቁጥር ሳጥኔን እከፍታለሁ፤ ምክንያቴ ልብስ እንዳይሻግት ነው። እውነቱን ንገሪኝ ካልሽ ግን የምፈልገው ከታች የተጠቀለለውን የእናቴን መቀነት ነው። ስንት ጊዜ በሳሙና አጥቤዋለሁ። እርጥበት ሲነካው ግን ያው የወንዝ ድንጋይ ይሸተኛል። ዘንድሮም አወጣሁትና ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ስዳብሰው፣ እንደ ልማዴ አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ ተመለስኩ።

ያኔ አምቦ በመንግሥት ወረቀት ላይ ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። በእኛ ቤት ግን ከሕይወት የተረፈ ብዙም አልነበረም። አባቴ ቀደም ብሎ ሞቷል። በመጋቢት ደግሞ የአምስት ዓመት ወንድሜን ሁሉቃ ወንዝ ወሰደብን።

ልብስ ላጥብ የወረድኩት እኔ ነበርኩ፤ እሱን ያስከተልኩትም እኔ። “ዓይንሽን ከሱ እንዳታነሺ” ብላኝ ነበር እናቴ። ፀሐዩ ድንጋይ ያግል ነበር፤ ከበላያችን አንዲት ደመና አልነበረችም። ተራራው ላይ ግን ለካ ዘንቧል። ወንድሜን ወንዙ መሃል ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ የእናቴን መቀነት ሳለቀልቅ ከእጄ አመለጠኝ። ዳር ዳሩን ይዤ ወደ ታች ተከተልኩት። መታጠፊያው ላይ ደርሼ ስይዘው፣ ከላይ በኩል ከባድ መኪና የሚመጣ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ዳገቱን ቧጥጬ ወጣሁና ዞር ስል ድንጋዩ አይታይም፤ ያለው ጭቃ የመሰለ ውሃ ብቻ ነው። መቀነቱን ይዣለሁ፤ ወንድሜን አልያዝኩም።

ጎርፍ ወሰደው አልኩ እንጂ የመቀነቱን ነገር ለማንም አልተነፈስኩም።

እናቴ አልመታችኝም፣ አልረገመችኝም። ዓይኔን ማየት ብቻ ተወች። ምግብ ሳቀርብላት ሳህኑን ታያለች፤ ስናገር በሩን ታያለች። ሰባት ወር እንዲህ ሆነን ኖርን። የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። የንስሐ አባቷ መጥተው መስቀል ቢዘረጉላት አልተሳለመችም።

“ልጅሽ እኮ መልአክ ሆኗል” አሏት።

“እግዜር መልአክ ሞልቶታል፣ አባቴ። እኔ የነበረኝ አንድ ወንድ ልጅ ነው።”

መስቀላቸውን ይዘው ወጡ።

እህል ከጉሮሮዋ አልወርድ አለ። ያንኑ መቀነት ጥቁር ቀሚሷ ላይ ትታጠቀው ነበርና፣ እየከሳች በሄደች ቁጥር ዙሩ ይጨምር ጀመር። መጀመሪያ ሦስት ዙር የነበረው አራት ሆነ፣ አምስት ሆነ። እኔ እንደምትሞት ገብቶኛል። የገደልኳትም እኔ እንደሆንኩ ገብቶኛል።

ያስነሳቻት ቅቤ የምትነግደው ጎረቤታችን ነች። ከመስቀል በኋላ፣ ጥቅምት ውስጥ፣ አንድ ጠዋት መጥታ በሩ ላይ ቆመች። “ኮቱ፣ ነይ ተነሺ። ሬሳ እንኳ ከቤት ይወጣል” አለቻት ኦሮምኛ ቀላቅላ። ዘመድ ሁሉ ለምኖ ያቃተው ነገር በዚች ንግግር እንዴት እንደሆነ እንጃ፤ እናቴ ተነሣች። ሦስታችንም ወደ ነቀምት በሚሄድ የጭነት መኪና ተሳፍረን ጉደር ወረድን። ጎረቤታችን የጉደርን ፏፏቴ ያየ ሰው ፈጣሪውን መቀየም አይችልም የሚል እምነት ነበራት።

ውሃው ከክረምቱ ጭቃ ጠርቷል። ዳር ዳሩን አደይ አበባው ገና አልረገፈም፤ ሣሩ ከእርጥበቱ የተነሣ እንደ ታጠበ ጎመን ያበራል። ርጭቱ መሃል ፀሐይ ገብታ የማርያም መቀነት ቆሞ ነበር፤ ቀዩ፣ ቢጫው፣ አረንጓዴው አንድ በአንድ ይለያል።

“እዪ እስቲ፣ የማርያም መቀነት” አለች ጎረቤታችን። “እሷም እንዳንቺ ልጇን ቀብራለች።”

“የሷ በሦስተኛው ቀን ተነሣላት” አለች እናቴ።

 ለዚህ ንግግሯ እኔ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም።

አትታዘቢኝና፣ እኔን ያስመረረኝ ማማሩ ነው። ወንድሜን የበላ ውሃ እንዴት እንዲህ ያምራል? እያየሁት ሳላውቀው ወደ ጫፉ ቀረብኩ። ሳላውቀው ያልኩሽ ውሸቴን ነው፤ አውቄ ነበር። ከእግሬ ሥር ያለው ድንጋይ ያሟልጫል።

“ወዴት ነው?” አለች እናቴ ከኋላዬ።

ዞርኩ። “መቀነትሽን ስከተል ነው” አልኳት። “እሱን ድንጋዩ ላይ ትቼ መቀነትሽን ስከተል ነው ውሃው የወሰደው።”

ፏፏቴው ድምፄን የዋጠው መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ሰምታለች። እጇን ወደ ወገቧ ሰደደችና መቀነቱን መፍታት ጀመረች፤ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ አምስት ዙር። ወደ ውሃው ልትወረውረው ነው ብዬ ጠበቅሁ። ቀርባ አንዱን ጫፍ ወገቤ ላይ አሰረችው፤ ሁለት ጊዜ ቋጠረችው። ሌላውን ጫፍ እጇ ላይ ጠመጠመችና ወደ ራሷ ሳበችኝ። ፊቴን አየችኝ፤ በሰባት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ።

“አንቺንም ሊወስድብኝ ነበር” አለች። ከዚያ “ተመስገን” አለች።

ዳነች አልልሽም። ከሐዘኗ ጋር አርጅታለች፤ ስትስቅም እጇን አፏ ላይ ታደርግ ነበር። ደወል ሲደወል ግን ፊቷን ማዞር ተወች። በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ ጉደር እንሄድና ርጭቱን በመዳፏ ተቀብላ እንደ ጠበል ፊቷን ታብስ ነበር። አንድ ጊዜ ምን ብላ እንደምትጸልይ ጠየቅኋት።

“አልጸልይም፤ አያለሁ” አለችኝ። “ይሄን እንዲህ አድርጎ የሚሠራ ጌታ፣ ልጄን የትም አልጣለውም።”

እኔ እንደሷ አምኜ አላውቅም። የማምነው እሷን ነበር።

የሞተች ዕለት ገናዦቹ መቀነቱን ከወገቧ ፈትተው ሰጡኝ። ሲፈቱት ስድስት ዙር ነበር።

ዘንድሮ ከሳጥኑ ሳወጣው ብቻዬን ነበርኩ። አንዱን ጫፍ ወገቤ ላይ አሰርኩት፤ እንደሷ ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት። ሌላው ጫፍ ወለሉ ላይ ወደቀ። የሚይዝልኝ የለም።