ሸክም የለኝም ያልኩ ቀን

ከሀዋሳ የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። ሌሊቱን ምህረት ሻንጣዬን ስትከፍት ስትዘጋ፣ ስትዘጋ ስትከፍት አነጋችው። ምህረት የልጅ ልጄ ናት፤ እናቷ ከሞተች ጀምሮ በእኔ እጅ ያደገች። ከሠፈራችን ከአዲስ ከተማ እስከ መናኸሪያ በባጃጅ ስንሄድ ሻንጣው ወንበሩን ያዘና እሷ ጭኔ ላይ ተቀመጠች፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ እግሯ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ።

ባለባጃጁ ዞር ብሎ «እማማ፣ ይቺን የምታህል ሴት ታቅፈው አይከብድዎትም?» አለኝ።

«አንተን መች አቀፍኩህና ነው የጨነቀህ?» አልኩት።

ሦስታችንም ሳቅን። አውቶቡሱ ሲነሳ ግን ጭኔ ባዶ ሆነ፤ እስከ ዛሬም ድረስ ሙቀቷ የነበረበት ቦታ ይበርደኛል።

እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ቤተ ክርስቲያን፣ ከመዝሙር ደብተር ላይ ነው፤ አጻጻፌ ቢንሻፈፍ እለፉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስዞር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከወላይታ ሻሸመኔ፣ ከሻሸመኔ ሀዋሳ፣ ሰው ቤት፣ ሆቴል ጓዳ፣ የተማሪዎች መመገቢያ። ጣሊያን አገር አሮጊት የሚንከባከብ ሰው ይፈለጋል ሲሉኝ፣ ይቺም አንድ ዙረት ናት ብዬ ምህረትን ለእህቴ አደራ ሰጥቼ መጣሁ። ቋንቋውንማ ማኪና፣ ፎርኖ፣ ፋብሪካ፣ ጎሚስታ እያልኩ ግማሹን ከሀዋሳ ይዤው የመጣሁ መስሎኝ ነበር። ወይ መመጻደቅ!

ከተማው ቶሪኖ ይባላል። ሲኞራ የምላቸው ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ አሉ፤ አጥባቸዋለሁ፣ አበላቸዋለሁ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር አነሳቸዋለሁ። ጉሙ ሲወርድ የሀዋሳ ሐይቅ ማለዳ ይመስልና ልቤ ድንግጥ ይላል፤ ጉሙ ሲገለጥ ግን ሐይቅ የለም፣ የቆሙ መኪኖች ናቸው። ዓሣቸው ሚጥሚጣ አያውቅም። ደረጃ ላይ ጎረቤቴን «ቦንጆርኖ» ብዬ ሰላም ስለው አልፎኝ ይሄዳል፤ ጅራቱን ቆልቶ የሚመልስልኝ ውሻው ነው።

በመጀመሪያው ዓመት፣ ሰኔ ላይ፣ የሲኞራ ልጅ ጠራኝና «ግብርሽን ራስሽ ሄደሽ ማስታወቅ አለብሽ» አለኝ።

«ምን ሱቅ አለኝና?» አልኩት። እኛ ጋ የተቀጣሪ ግብር ከደመወዙ ተቆርጦ ይሄዳል፤ ሐምሌ፣ የግብር መክፈያው ሲመጣ፣ ፀሐይና ዝናብ የሚፈራረቅበት ነጋዴው ነው። እዚህ ግን ሰው ቤት የሚሠራ ሰው ራሱ ሄዶ ነው የሚያስታውቀው። «ዲኪያራሲዮኔ» ይሉታል።

ሀብቶም የሚባል ኤርትራዊ አስተርጓሚ ይዤ ግብር ቢሮ ሄድኩ። ቅን ሰው ነው፤ አማርኛው ከብዙ ዓመት በፊት የተማረው ስለሆነ አንዳንዱ ቃል ጠፍቶበታል። ከጠረጴዛው ወዲያ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯን እያየች ትጠይቃለች፣ እሱ ይነግረኛል፤ «አደይ» ነው የሚለኝ፣ በቋንቋው እናቴ ማለቱ ነው።

«አደይ፣ ባል አለዎት ወይ ትላለች።»

«ሞቷል በላት።»

«መቼ?»

«ምነው፣ ልታለቅስልኝ ነው?»

ሳቀ፤ የነገርኩትን ቀን ነገራት። ቀጥላ አንድ ነገር ጠየቀች፤ «አ ካሪኮ» የምትል ቃል ሰማሁ። ሀብቶም ጭንቅላቱን አከከ።

«ይሄ… ሸክም ነው። በእርስዎ ላይ ሸክም የሆነ ሰው አለ?»

«ሲኞራን እሸከማለሁ። ከአልጋ ወደ ወንበር።»

«እሳቸውን አይደለም አደይ፣ ከቤተሰብ።»

ደሜ ፈላ። ምህረት ዓይኔ ላይ መጣች። እግዜር የሰጠኝን፣ የልጄን ምትክ፣ በሰው አገር ቢሮ ቁጭ ብዬ ሸክም ልበላት?

«ከቤተሰቤ አንድም ሰው ሸክም ሆኖብኝ አያውቅም። እንዲህ ብለህ ንገራት!» አልኩት።

«ኔሱኖ» አላት። ማንም የለም ማለት ነው። ልጅቷ አንድ ጊዜ ቁልፉን ቀጭ አደረገች፤ አለቀ።

ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ማታውኑ ለምህረት ደውዬ «ስለ አንቺ ጠይቀውኝ አሳፈርኳቸው» ብዬ ነገርኳት። «እማማ፣ ጀግና!» አለችኝ።

ዘንድሮ ምህረትን ለማምጣት ወረቀት ጀመርኩ። አሳዳጊዋ እኔ መሆኔን የሚመሰክር የፍርድ ቤት ወረቀት ከሀዋሳ አስላክሁ፤ አስተረጎምኩ፣ ማህተም አስመታሁ፣ ሌላ ቢሮ፣ ሌላ መስኮት ሄድኩ። ሹሙ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ወረቀቶቼን አገላበጠ። ሀብቶም አጠገቤ ሆኖ ያስተረጉምልኛል።

«ባለፈው ዓመት ግብር ሲያስታውቁ የማሳድገው ሰው የለኝም ብለዋል። አሁን ይቺ ልጅ ከየት መጣች?»

«ከሀዋሳ» አልኩት።

አልሳቀም። «ያለኝ ቃል የእርስዎ ነው» አለና ፊርማዬን አሳየኝ። በዓመቱ ውስጥ የለመድኳት ያቺው የተንጋደደች ፊርማዬ ናት።

ሀብቶም ፊቱ አመድ መሰለ። «አደይ፣ ካሪኮ… የሚረዱት፣ በእርስዎ እጅ የሚተዳደር ሰው ማለት ነበር። እኔ ነኝ ሸክም ያልኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ቃሉን ያመጣው እሱ ነው፤ ልጄን የካድኩ ግን እኔ ነኝ፤ ያውም ከፍቅር የተነሳ።

ሹሙ ይስተካከላል አለ። መጀመሪያ የግብሩ ወረቀት ይታረማል፣ ከዚያ የእሷ ጉዳይ እንደገና ከመጀመሪያው ይታያል፤ ወራት ይፈጃል። ምህረት ደግሞ መስከረም ላይ አሥራ ስምንት ይሞላታል። ያን ጊዜስ? ብዬ አስጠየቅሁ። «ያን ጊዜ ትልቅ ሰው ናት፤ በእርስዎ ስም አትመጣም» አለ። እስቲ አስቡት፣ ባለባጃጁም ትልቅ ሴት ናት ብሎኝ ነበር።

የግብር ቢሮዋ ልጅ ዘንድ ተመልሼ፣ ሀብቶም ያስጠናኝን ራሴ ተናገርኩ። «ኤ አ ካሪኮ ሚዮ።» በእኔ እጅ የምታድግ ናት ማለት ነው፤ በጣሊያንኛ ብናገረውም ግን ጆሮዬ የሚሰማው በአማርኛ፣ ሸክሜ ናት ብሎ ነው። ቁልፉ እንደገና ቀጭ አለ። ከዚያ ወዲህ እየጠበቅሁ ነው።

ትናንት ምህረት ደወለች። የሲዳማ አዲስ ዓመት፣ ፊቼ ነውና በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ ሜዳ ናት፤ ከኋላዋ ዘፈኑና ጭፈራው ስልኬን ሊቀድ ደረሰ።

«እማማ፣ ወረቀቱ እንዴት ሆነ?»

«እየሄደ ነው።»

«ከመስከረም በፊት ይደርሳል አይደል?»

ሲኞራ ጠሩኝ ብዬ ልዘጋ ፈለግሁ። እሷ ግን አልለቀቀችኝም፤ «በይ አንድ የጣሊያንኛ ቃል አስተምሪኝ፣ ስመጣ እንዳልፈዝ።»

ሌላ ቃል አልመጣልኝም። «ካሪኮ» አልኳት።

«ምን ማለት ነው?»

«ልጄ ማለት ነው።»

ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ለጓደኞቿ ስትጮህ ሰማኋት፤ «እኔ የእማማ ካሪኮ ነኝ! ካሪኮ!» እነሱም ተቀበሏት፤ ካሪኮ፣ ካሪኮ እያሉ ሳቁ። እኔ ስልኩን ባዶ ጭኔ ላይ አስቀምጬ እነሱ እስኪበቃቸው ሰማኋቸው።