ኋላ የተጨመረው ዓይን

ባሌ ከሞተ ወራት ቢያልፉም ድካሙ አልለቀቀኝም ነበር። ፍኖተ ሰላም ያለውን ቤቴን ዘግቼ ቡሬ አባቴ ዘንድ ገባሁ። ተኝቼ እነሳለሁ፤ የተኛሁ ግን አይመስለኝም።

ለሰው የማልናገረው ነገር ነበረኝ። ለቅሶው ላይ የባሌ እህት ሰው ሁሉ እየሰማ "ገፊ" ብላኛለች። የገባችበትን ቤት ወንድ የምታስቀብር ሴት ማለቷ ነው። ለቅሶ ላይ ብዙ ነገር ይባላል፤ ሰውም ይረሳዋል። እኔ ግን አመንኳት። ባሌን የገደለው ኩላሊቱ እንደሆነ ሐኪሙ ነግሮኝ እያለ እሷን አመንኩ።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው። ልጅ ሆኜ ቀለም የምበጠብጥላቸው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ከሥራ የተረፈ ሸራ ወጥረው ሰጡኝና የልቤን እንድሥል ነገሩኝ። ለመከራከር አቅም አልነበረኝም፤ ሣልኩ። ተለቅሞ ያለቀ የበርበሬ ማሳ፣ መካከሉ ላይ ጥቁር የለበሰች ሴት።

ስጨርስ አባቴ ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩት። ማሳውን ወደዱት። ሴትዮዋ ላይ ሲደርሱ ወደ ፊቷ ጎንበስ አሉ። እኔም ልብ ያልኩት ያኔ ነው። በጎን ነው የሣልኳት፤ የሚታየው አንድ ዓይኗ ብቻ ነው። በአባቴ ሙያ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ በጎን በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ክፉ ሰው ነው። ይህን ያወቅሁት ፊደል ከመለየቴ በፊት ነው። እጄ ግን እኔን አልጠየቀኝም።

"ልጀ፣ ከክፉዎቹ ጋር ያቆመሽ ማነው?" አሉኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። አላባበሉኝም፤ ብሩሹን አጥበው አጠገቤ አስቀመጡና ወጡ።

በጎን የተሣለን ፊት ማዞር አድካሚ ሥራ ነው። ጉንጩን ፍቄ ደጋግሜ ቀባሁት፤ አፍንጫው ጠመመ፣ ሁለተኛው ዓይን ከመጀመሪያው ተለቀ። አባቴ ቢሆኑ እንዲህ ያለ ሥራ ከቤት አያስወጡም። ግን ፊት ለፊት ታየኛለች። ማሳው ጥግ ላይ አንዲት የበርበሬ ችግኝ ጨመርኩ። ሌላም ልጨምር አስቤ ነበር፤ ደከመኝና ተውኩት።

ለሙት ዓመቱ ፍኖተ ሰላም ተመለስኩ። ሥዕሉን ሳሎን ሰቀልኩት። የባሌ እህት መጥታ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠች። የተሣለችው ሴት ማን እንደሆነች ጠየቀችኝ፤ እኔ መሆኔን ነገርኳት። ደግማ አየችው።

"አንደኛው ዓይኗ ተልቋል" አለች።

"ኋላ የተጨመረ ነው" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት። መጀመሪያ ያቀረቀረችው እሷ ናት። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለዋልኩ እግሬ ዝሎ ነበር፤ ከጎኗ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።