ልብስ ሰፊዋ ያተረፈችው መድኃኒት

ይድረስ ለሰማይና ለምድር፣ ለባለሥልጣንና ለባለዕዳ ሁሉ! ከደረጃ ሥር ባለች ጉሮኖ ተሰይማ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ሱሪ ስታሳጥርና ስታስረዝም የኖረችው ልብስ ሰፊ ባለንብረት መሆኗ በማኅተም የተረጋገጠ ስለሆነ፣ ሁሉም አውቆ እንዲገረም ታውጇል።

ማኅተሙን የመታው የነፃ ሕክምና ወረቀት የሚሞላው ጸሐፊ ነው። የጡት ካንሰር እንዳለባት የሚናገረውን ማስረጃ ገልጦ እንኳ ሳያይ፣ ንብረት አለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። እሷም የዋህ ናትና አንድ የስፌት ማሽን አለችኝ አለች። በቃ፣ ማሽን ያላት ድሃ አይደለችም። ብሸጣትስ ብትለው ያኔ ይታያል አላት። ተርበሽ ነይና በነፃ ትታከሚያለሽ ነው ነገሩ።

ስለዚህ ወጪው በታናሽ ወንድሟ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ወንድሟ በሞተር ሳይክል ዕቃ እያመላለሰ የሚያድር፣ አፉ ቀልደኛ፣ ኪሱ ቀዳዳ የሆነ ሰው ነው። በየወሩ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ካለው መድኃኒት ቤት አንድ ብልቃጥ ክኒን ይገዛላታል። የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤትማ «አልቋል» የሚል ወረቀት ለጥፎ ነው የሚውለው፤ ወረቀቱ ብቻ አልቆ አያውቅም።

ብልቃጡን ሲሰጣት ሁልጊዜ ይስቃል። እሷ ግን ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ መበሳቱን አይታለች። የልብስ ሰፊ ዓይን የሰውን መክሳት ከሚስቱ ቀድሞ ያያል።

እንግዲህ ሙያዋ ያሳሳታት እዚህ ላይ ነው። ልብስ ሰፊ ጨርቅ ልክክ አድርጎ አይቆርጥም፤ ነገ ባለቤቱ ቢወፍር የሚለቀቅ ትርፍ በስፌቱ ውስጥ ይተዋል። እሷም በቀን ሁለት ዋጪ የተባለችውን ክኒን አንድ አንድ እየዋጠች፣ ሌላውን ለክፉ ቀን ታስቀምጥ ጀመር። ወንድሜ የማይችልበት ወር መምጣቱ አይቀርም፣ ያኔ ከትርፉ እለቃለሁ ብላ። በስምንት ወር ውስጥ አራት ሙሉ ብልቃጥ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ሥር ተጠራቀመ። በሙያዋም ኮራች።

በዘጠነኛው ወር ሁለቱም ሐኪሙ ፊት ተቀመጡ። ሐኪሙ የምርመራውን ፊልም ወደ ብርሃን አንስቶ አገላብጦ አየው። እብጠቱ አድጓል፣ መድኃኒቱ አልሠራም፣ በሌላ መቀየር አለበት አለ። የሌላውን ዋጋ ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዋጋው ግን ዝቅ አላለም። የመጀመሪያውን ስድስት እጥፍ ነው።

ወንድሟ ይህን ጊዜ አልሳቀም። ሞተሬን የሚፈልግ ሰው አለ፣ ነገውኑ እሸጣታለሁ አለ።

ሞተሯ ከሄደች አራት ልጆቹ ምን ሊቀምሱ ነው? ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ደፍታ ጫማዋን ታያለች። ብትናገር፣ ከልጆቹ አፍ ነጥቆ ያመጣውን መጫወቻ አደረገችው ሊባል ነው። ዝም ብትል፣ ሞተሯ በከንቱ ልትሸጥ ነው። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አነሳ።

«ዶክተር፣ አይጻፉ» አለች። «መድኃኒቱ ምንም አላጠፋም። ግማሹን ነው የዋጥኩት።»

«ግማሹስ የት ሄደ?»

«አስቀምጬዋለሁ።»

ሐኪሙ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ከእሷ በፊት ስንቱን ሲቆጣ እንደዋለ ትዝ ያለው ይመስል፣ መልሶ ዘጋው። የተቀመጠውን አሁን በሙሉ ልኩ ዋጪ፣ ሲያልቅ እንደገና እናያለን፣ ይሠራል ብዬ ግን ቃል አልገባም አላት።

ሦስት ፎቅ ደረጃ ወንድሟ ከፊት ከፊት ወረደ። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቆመ።

«እታለም፣ እኔ እኮ ሰጥቼሽ ነበር።»

«ሰጥተኸኛል። አንተ ግን እያለቅህ ነው።»

«በኔ ማለቅ አንቺ ምን አገባሽ?» አለ፤ ሊቀልድ ነበር፣ አልሆነለትም። እጇን ይዞ መንገዱን አሻገራት።

ከሰዓት በኋላ ማሽኗ ላይ ተመለሰች። ሁለት ክኒን ዋጠች፤ ሁለተኛውን እንደ ሰረቀችው ነገር ዙሪያዋን ቃኝታ ነው የዋጠችው። ያላት ለአራት ወር ይበቃል። አምስተኛው ወር ከየት ተቆርጦ እንደሚሰፋ ማንም አያውቅም።

አንተም አንባቢ፣ «ወይ ምስኪን!» ብለህ ከንፈርህን እንደመጠጥክ አይጠረጠርም። ከንፈር መምጠጥ ነፃ ነው፣ ማኅተምም አይጠይቅም። ነገ ግን ሱሪህን ልታሳጥር ከደረጃው ሥር ጎንበስ ብለህ ስትገባ፣ እሷም ዋጋዋን ስትነግርህ፣ «ትንሽ ቀንሺልኝ እንጂ» ለማለት አፍህን ከማሞጥሞጥህ በፊት፣ እባክህ አንድ ጊዜ ያቺን አምስተኛ ወር አስባት።