የተቆጠበው እልልታ

ማሬን በደንብ እናውቃታለን ብንል ውሸት ይሆናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ወገዳ ገበያ ድንች ስትሸጥ እናያታለን፤ ሰላም ስንላት አንገቷን ሰበር አድርጋ ትመልሳለች። ከዚያ ያለፈ ትውውቅ የለንም። የዚህን ታሪክ አብዛኛውን ያወሩን እናቷ እማማ ካሣነሽ ናቸው፤ እሷ የሞላችው ጥቂቱን ነው።

ማሬ ቂም አትረሳም። ልጅ ሳለች አንድ ጎረቤት ጥጃቸውን ማሳዬ ገባ ብሎ በድንጋይ እግሩን ሰበረው። ሰውዬው ካሰ፣ አባቷም ታረቁ፣ አብረው በሉ። እሷ ግን እስክትዳር ድረስ የዚያን ሰው ሰላምታ አልመለሰችም።

የተዳረችው እስቴ ነው፤ ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ፣ ላቀው ለሚባል ገበሬ። ላቀው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን እናቱ ወይዘሮ አዛለች ካልተናገሩ እሱ የሚናገረው ነገር አልነበረውም። ማሬ ሁለት ሴቶች አከታትላ ወለደች። ሦስተኛውን ስታረግዝ አዛለች «እስኪወለድ አልጠብቅም» አሉና ከተማ ወስደው በአንድ የግል ክሊኒክ አልትራሳውንድ አስመረመሯት። ባለሙያው ሆዷን ቀብቶ ጥቂት አየና «ሴት ናት» አለ።

አዛለች ንዴታቸውን እስከ ቤት ድረስ ይዘው መጡ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ግን ጎረቤት እንዲሰማ አድርገው ለቀቁት።

«ቤቴን የሴቶች ማኅበር አደረግሽው እኮ! ጽዋውንስ ማን ሊያነሣልን ነው?»

«እኔ ፈጥሬ አልከተትኳት፣ እማ።»

«ምላስሽስ አልሰነፈም! በይ፣ አባትሽ ቤት ሄደሽ ውለጂ። የላቀው የአጎት ልጅ አንዳርጌ ከናንተ ወንዝ ማዶ አይደል ቤቱ? እሱ ይሰማልናል። ለወንድ የሚባለው ሰባት እልልታ ከተባለ ላቀው በቅሎ ይዞ ይመጣል። የሴት ሦስቱ ከሆነ እዚያው አሳድጊያት።»

ማሬ ባሏን አየችው። ላቀው የቀንበሩን ጠፍር እያጠበቀ ነበር፤ ቀና አላለም። ከአዛለች ንግግር ይልቅ አንጀቷን የቆረጠው ይኼ ነው። ሁለቱን ልጆቿን ይዛ ወደ ወላጆቿ አገር ወደ ስማዳ ሄደች።

ወሯ እየገፋ ሲሄድ እግሯ አበጠና ጤና ጣቢያ ሄደች። እዚያም አልትራሳውንድ ነበር።

«ወንድ ነው፣ እንኳን ደስ አለሽ» አለቻት ነርሷ።

«ሴት ናት ተብያለሁ።»

«ማን አለሽ?»

«እንደዚህ ያለው መሣሪያ።»

ነርሷ ሳቀች። «ያን ጊዜ እግሩን ገጥሞ ይሆናል። እኔም ልሳሳት እችላለሁ፤ ስትወልጂ ታይዋለሽ።»

እማማ ካሣነሽ ይህን እንደሰሙ ስልክ አነሡ። «ለላቀው ልደውልለት! ወንድ ነው ልበለው!»

ማሬ ስልኩን ከእጃቸው ወሰደች። «አንዱ መሣሪያ አባረረኝ፤ አሁን ደግሞ ሌላው መሣሪያ ሊያስመልሰኝ? አይሆንም፣ እምዬ።»

ወንድ ወለደች። ከጤና ጣቢያ ወደ ቤት ሲያስገቧት እናቷ ደጃፍ ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን ሲስቡ ክንዳቸውን ያዘቻቸው።

«ሦስት ብቻ።»

«አንቺ ልጅ! የእመቤታችንን ምስጋና ላጉድል?»

«አታጎድዪም። አራቱን ለአርባው ቀን አቆዪልኝ።»

እማማ ካሣነሽ እያዘኑ ሦስት ጊዜ እልል አሉ። ከማዶ አንዳርጌ ቆጠረ፤ ወሬው በማግስቱ እስቴ ገባ። ማሬ ስልኩን ከራስጌዋ አድርጋ ሰነበተች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ ብሎ ቢደውል ኖሮ እነግረው ነበር» ትላለች። ላቀው አልደወለም። አራስ ጥየቃ የመጣ ሁሉ ልጁን እንደተሸፈነ አይቶ ሄደ።

በአርባው ቀን ልጁን ክርስትና ልታስነሣ ቤተ ክርስቲያን ወሰደችው። ቄስ ወልደ ሰንበት ግራ ቀኙን አዩና «አባቱስ?» አሉ።

«እሱ የሴቷን ሰማንያ ቀን እየጠበቀ ነው፣ አባ።»

ቄሱ ነገሩ ገባቸውና መጽሐፋቸውን ገለጡ። ልጁ ተጠመቀ፣ ማተቡ ታሰረለት፣ ስም ወጣለት። ያንን ስም ቄሱ፣ የክርስትና አባቱና ማሬ ብቻ ያዙት። መተት ይሠራበታል ተብሎ ስለሚፈራ የክርስትና ስም ለጠላት አይነገርም። ልጁን በቤት የሚጠሩት ፍሬው ብለው ነው።

ቤት ሲመለሱ እማማ ካሣነሽ አፍነው ያቆዩትን አራት እልልታ በአንድ ትንፋሽ አወጡት። አንዳርጌ ማዶ ሆኖ ቆጥሮ ግራ ገባው፤ አራት ብሎ እልልታ ሰምቶ አያውቅም። ወንዙን ተሻግሮ መጣ፣ ልጁ ወንድ መሆኑን አየ፣ እዚያው ደጃፍ ላይ ቆሞ ለላቀው ደወለ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ላቀውና አዛለች አንዳርጌን አስከትለው በቅሎና የሰባ በግ እየነዱ ደረሱ። ሁለቱ ሴቶች ልጆች በር ላይ ቆመው ነበር፤ አዛለች በመሐላቸው አልፈው ገቡ።

«ልጃችንን አምጪ! ያለ አባት ክርስትና የት አገር ታይቷል?»

«ሦስት ከሆነ እዚያው አሳድጊያት ብለውኛል። እያሳደግሁ ነው፣ እማ።»

«እሱን ያልሁት ለሴቷ ነው!»

«ሴቷን ከክሊኒኩ ይዘዋት የመጡት እርስዎ ነዎት። እዚያው ሄደው ይፈልጓት።»

አንዳርጌ ሳቁን ለመዋጥ ወደ በጉ ዞረ። አዛለች መደቡ ላይ ተቀመጡ።

ላቀው ቆቡን አውልቆ ፊቷ በርከክ አለ። «ልየው ብቻ።»

ማሬ ጨርቁን ገለጥ አደረገችለት። ላቀው የልጁን ማተብ በጣቱ ጫፍ ነካ፤ ዐይኑ እንባ ሞላ።

«አጥፍቻለሁ። ያን ቀን ቀና ማለት ነበረብኝ። አልመለስም ካልሽም ፍርዱ ያንቺ ነው። ብቻ እቤተ ክርስቲያን ስገባ በስሙ ስለት ልሳልለት። የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

ማሬ ጨርቁን መልሳ የልጁን ፊት ሸፈነች።

«ማሬ፣ አባቱ እኮ ነኝ። ማን አላችሁት?»

ትልቋን ልጇን ጠርታ ለእንግዶቹ ጠላ እንድትቀዳ አዘዘቻት።