በአኖ መንገድ የተያዙት ሯጮች

አባቴ ነቀምቴ ፍርድ ቤት ደጃፍ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነበር። ከጎጃም ሲመጣ ለአንድ ዓመት ብሎ ነው፤ እናቴን አገባ፣ እኔን ወለደ፣ በዚያው ቀረ። ጠባዩ ሁሉ የፍርድ ቤት ነው። ሳሙና አለቀ ብትሉት እንኳ መቼ እንደተገዛ፣ ማን ማን እንደታጠበበት አጣርቶ ካልጨረሰ ሌላ አይገዛም። እናቴ የዚሁ የወለጋ ሰው ናት፤ በኦሮምኛዋ «ያ ዋቃ!»፣ አምላኬ ሆይ፣ እያለች ትስቅበታለች። እኔ አልስቅም፤ ነገረኛነቱን የወረስኩት እኔ ነኛ!

ሩጫ የጀመርኩት ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ ነው። የስፖርት አስተማሪያችን ሴቶቹን «ሜዳውን ሦስት ጊዜ ዙሩ» ሲለን ጓደኞቼ ሁለተኛው ላይ ሆዳቸውን ይዘው ሣሩ ላይ ተዘረጉ። እኔ አምስተኛውን ጨርሼ «ልቁም እንዴ?» አልኩት። ፊሽካው ከአፉ ወደቀ። «አንቺ ልጅ፣ የት ነው የተለማመድሽው?» አለኝ። ምንጭ ስወርድ አልኩት። እውነቴን ነው፤ የሰፈሩ ሴቶች ወረፋ እንዳይቀድሙኝ እንስራዬን ይዤ ሁልጊዜ በሩጫ ነበር የምወርደው። በማግስቱ ሰማይና ምድር ገና ሳይላቀቅ እንድመጣ አዘዘኝ።

ሴት ልጅ በጎህ ብቻዋን አትወጣምና አስተማሪው ጓደኛ አገናኘኝ። ገበያው አጠገብ በአጎቱ ሱቅ የሚሠራ የጉራጌ ጎረምሳ ነው፤ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ይሮጣል። እንዲህ ያለ ለፍላፊ ሯጭ አይቼ አላውቅም። ዳገቱን እየወጣን ስለ ስኳር መጥፋት ያወራል፣ ቁልቁለቱን እየወረድን ስለ ላምባ ያወራል። ዝም ካለ ደክሞታል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ጥዬው እሄዳለሁ። ሲደርስብኝ ደግሞ ካቆመበት ይቀጥላል። እንደ ወንድሜ ነበር የምወደው።

ዘመኑ ግን ለሯጭ አይመችም። በዚያን ጊዜ በጎህ የሚሮጥ ሰው ወይ ያጠፋ ነው ወይ የሚፈለግ። የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች ገና ስንታጠፍ «ቁም!» ይሉናል።

«ከማን ነው የምትሸሹት?»

«ከማንም። ልምምድ ነው።»

«የምን ልምምድ?»

«የመሮጥ።»

«ሮጣችሁ የት ልትደርሱ?»

እውነቱን ከተናገርን የምንመለሰው እዚያው ቦታ ነው። አስተማሪው ማኅተም ያለበት ወረቀት እስኪያመጣልን ድረስ ሁለት ሳምንት ሙሉ ልምምዳችን እዚያ መታጠፊያ ላይ እየቆመ ቀረ።

ከከተማው ስንወጣ ሌላ ጣጣ ይጠብቀናል፤ ሰላምታ። በአርጆ መንገድ ወደ ገበያ የሚመጡ አዛውንት ሲያጋጥሙ በሩጫ ማለፍ ነውር ነው። ካለፍኩ «የማን ልጅ ናት ይቺ ባለጌ?» ተብሎ ከእኔ ቀድሞ ቤት ይደርሳል። ስለዚህ እቆማለሁ። አከም ቡልቴ፣ ነጋ፣ ማቲን ነጋ፣ ሎን ነጋ? እንዴት አደርሽ፣ ደህና ነሽ፣ ቤተሰቡ ደህና፣ ከብቱ ደህና ማለት ነው። ከብት ባይኖረንም «ደህና ናቸው» እላለሁ። አምስት አዛውንት ካጋጠሙኝ የአንድ ሰዓቱ ልምምድ አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል። አስተማሪው ፀጉሩን ይነጫል፤ የእሱም አገር ነውና ግን «አትቁሚ» ሊለኝ አፉ አልደፈረም።

እኔ ላይ አፉን ሞልቶ የሚጮኸው በሌላ ነገር ነው። ክፉ ልማድ ነበረብኝ፤ በየሃምሳ እርምጃው ወደ ኋላ እዞራለሁ። «ምን ረስተሽ ነው?» ይለኛል። «አንገትሽን በገመድ ባስረው ደስ ይለኛል!» ምን ላድርግ፣ ከኋላዬ የምትመጣውን ሳላይ መሮጥ አልችልም።

ክረምቱን ሙሉ ቀዩ ጭቃ የሸራ ጫማዬን ሶል እየገነጠለ በላው። ጓደኛዬ በጆንያ መስፊያ ወስፌ እየሰፋ፣ እየተሳደበ ይመልስልኛል። ጉልበቴ ሁለት ጊዜ ተላጠ። አንዴ ደግሞ በትምህርት ቤቶች ውድድር ማለዳ እናቴ «አጥንት ያጠነክራል» ብላ በቅቤ የራሰ አንጮቴ፣ ያንን ድንች መሳይ የወለጋ ሥር፣ አንድ ሙሉ ሳህን አበላችኝ። ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ አንጮቴውም ቅቤውም ወጣ። መጨረሻ ወጣሁ፤ እሷ ግን «ባትበዪ ኖሮ ደግሞ እዚያም አትደርሺም ነበር» አለች።

አሥራ አንደኛ ክፍል ስገባ አባቴ ጠራኝ። የሂሳብ ውጤቴ ወርዷል፣ ሰፈርተኛው ስለ ቁምጣዬ ያወራል፣ ከሁሉ በላይ ግን ይፈራል። በየማለዳው በሩን ከፍቼ ስወጣ ነቅቶ እንደሚያዳምጥ አውቃለሁ። በዚያ ዘመን የወጣ ልጅ ሁሉ አይመለስም ነበርና አልፈርድበትም።

«ኅዳር ላይ የክፍለ ሀገሩ የሯጮች ምርጫ አለ አሉ» አለኝ። «ተመርጠሽ አዲስ አበባ ከሄድሽ ሩጪ፣ አልከለክልሽም። ካልተመረጥሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሩጫ የሚባል ነገር የለም፤ ከትምህርት ቤት መልስ የታይፕ ትምህርት ትገቢያለሽ። ተስማምተናል?»

ምን ምርጫ አለኝ? ተስማማሁ። አባቴ ከአፉ የወጣውን ቃል ሲያጥፍ ማንም አይቶት አያውቅም። ከወንዶች ሁለት ይወስዳሉ፤ ከሴቶች የሚመረጠው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።

እሑድ ጠዋት በጭነት መኪና ጭነው ከከተማው አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር በአኖ መንገድ ወሰዱንና አራገፉን። ከዚያ ከተማው ሜዳ ድረስ በፒስታው መሮጥ ነው። ሴቶች ስምንት ነን፤ ቀድመን እንነሳለን፣ ወንዶቹ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይከተላሉ። የክፍለ ሀገሩን ጓዶች የጫነችው ላንድሮቨር ፊት ፊታችን ትሄዳለች ተብሎ ነበር፤ ጓዶቹ ቁርሳቸው እንዳይበርድ ነው መሰለኝ አቧራዋን አልብሳን ጠፋች። መንገዱ ላይ ላሉት የገበሬ ማኅበራትም ስለ ውድድሩ ደብዳቤ ተጽፎላቸው ነበር። ደብዳቤው ውድድሩ ካለፈ በኋላ ማክሰኞ ደረሰ አሉ።

ገና ከመነሻው እግሬ ቀለለኝ። የምፈራት አንዲት የአርጆ ልጅ ነበረች፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ስትሮጥ የማትተነፍስ የምትመስል። አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጣልኳት። ዘጠነኛው ላይ ስዞር ጭራሽ አትታይም፤ ሁለት ደቂቃ ያህል ርቄያታለሁ። በምትኩ የማየው ወንዶቹን ነው። እሷን አልፈው፣ አሥራ አምስት የሚሆኑ ጎረምሶች ተግተልትለው እኔ ላይ እየደረሱ ነው። ከፊታቸው ጓደኛዬ አለ፤ አፉ ዝም ብሏል፣ ዓይኑ ፈጧል። እኔም ወንዶቹ ቢደርሱብኝ ምንም እንደማይጎዳኝ እያወቅሁ፣ ልማዴ ነውና እዞራለሁ፣ እሮጣለሁ፣ እንደገና እዞራለሁ።

በዚህ መሃል ከፊት ለፊቴ ከለቅሶ የሚመለሱ ስምንት ያህል ገበሬዎች ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ይመጣሉ። በዚያ ቀን እንኳ አልቆምም ብዬ እጄን አንስቼ በአጠገባቸው አለፍኩ። አንዱ ሽማግሌ «ኢንተለ ኮ፣ ሂን ሶዳቲን!» አሉኝ፤ ልጄ፣ አትፍሪ ማለት ነው። እንዴት ደስ አለኝ! አይዞሽ በርቺ ያሉኝ መስሎኝ ፈገግ ብዬላቸው ነጎድኩ።

ወዲያው ከኋላዬ ጩኸት ፈላ። ዞርኩ። ገበሬዎቹ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር በዱላ ዘግተውታል። ጓደኛዬን ሁለት ሰው ደረቱን ይዞ ከመንገዱ ዳር ቁልል አፈር ላይ አጋድሞታል። የቀሩት እጃቸውን ሰቅለው ቆመዋል። ያን ጊዜ ገባኝ። ፊቷ አቧራ የለበሰ ቁምጣ ለባሽ ልጅ፣ እየዞረች እያየች እግሬ አውጪኝ ትላለች፤ ከኋላዋ አሥራ አምስት ጎረምሳ ይከተላታል። ይህ በእኛ አገር ስሙ ጠለፋ ነው። ሰዎቹ እኔን ማዳናቸው ነው! ቁጥር ደረቱ ላይ የለጠፈ ጠላፊ አይተው አያውቁም እንጂ።

ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ፊት ሮጥኩ። አይቼ፣ ገብቶኝ ነው የሮጥኩት። የታይፕ ማሽኑ ታየኝ፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው የቀረኝ፤ ልጆቹ ደግሞ ብዙ ናቸው፣ አፍ አላቸው፣ ያስረዳሉ አልኩ። ከዚያ የጓደኛዬን ድምፅ ሰማሁ። የሱቅ ኦሮምኛ ነው የሚችለው፤ ስለ ጨውና ስለ ኑግ ካልሆነ ምላሱ ይተሳሰራል። ዱላ ሲነሳ አየሁና ተመለስኩ።

ሌሎቹ ልጆች በጥሩ ኦሮምኛ እየማሉ ነው፤ ማን ሰምቷቸው! ጠላፊ ሁሉ ምክንያት አያጣም። እኔ መሃላቸው ገብቼ «አባ ኮ፣ አባቴ፣ ውድድር ነው! ማንም አልነካኝም!» አልኩ። ሽማግሌው ፊቴን በሐዘን አዩት። «አስፈራርተዋት ነው» አሉ። «ነይ ከኋላዬ ቁሚ። አባትሽ ማን ነው?»

«አባ ኮ፣ እየተሸነፍኩ ነው!»

«እኛ እያለን ማን ያሸንፍሻል?»

መሬቱን በእግሬ መታሁ፣ ጮኽኩ፣ ተንጨረጨርኩ፤ በጮኽኩ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ አዘኑልኝ። አንዱ ጋቢውን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝ። በላብ ላይ ጋቢ!

ምስክር የሆነችኝ የአርጆዋ ልጅ ናት። ከመታጠፊያው ብቅ አለች፤ ቀጥ ብላ፣ አንገቷን ሳታዞር። ጎረምሶቹ እጃቸውን እንደሰቀሉ ጎን ጎን ብለው መንገድ ለቀቁላት። «አከም ቡልተን» ብላ ሽማግሌውን በትሕትና እጅ ነስታ፣ አንድ እርምጃ ሳታጓድል በመሃላቸው አለፈች። ደረቷ ላይ እንደ እኔ ቁጥር አለ። የሚከተላት የለም፤ የሚነካት የለም። ሽማግሌው እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ልጆቹን አዩ። «ዱጋ ዳ?» አሉ ቀስ ብለው። እውነት ነው እንዴ?

ከዚያ ሳቅ ሆነ። ጓደኛዬን አንስተው አቧራውን አራገፉለት፣ ጉንጩን ሳሙት። እኔ ጋቢውን ጥዬ ልፈተለክ ስል ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። ሊመርቁን ነው! ምርቃት ተጀምሮ ጥሎ የሚሄድ ሰው በወለጋ ምድር ገና አልተወለደም። አሥራ ስድስት ሯጭ በአኖ መንገድ ላይ አንገታችንን ደፍተን አሜን አልን፤ ስለ እህሉ አሜን፣ ስለ ዝናቡ አሜን፣ ስለምንወልዳቸው ልጆች አሜን። በአንድ ዓይኔ የአርጆዋ ልጅ ዳገቱን ጨርሳ ስትሰወር አየኋት።

የቀረውን እንዴት እንደሮጥኩት አላውቅም። ሜዳው ውስጥ ስገባ የአርጆዋ ልጅ ላይ ልደርስ ሠላሳ እርምጃ ቀርቶኝ ነበር። ሠላሳዋ ግን አልሞላ አለችና ቀድማኝ ገባች። ጓደኛዬ ከወንዶቹ ሁለተኛ ወጥቶ ተመረጠ፤ አስተማሪው «ይደገም» ብሎ ቢጮህ ጓዶቹ «ውጤቱ ለበላይ አካል ተላልፏል» አሉት። የአርጆዋ ልጅ መጥታ ሁለት ጉንጬን ሳመችኝና «ምን ሆነሽ ነው ቆመሽ ያገኘሁሽ?» አለችኝ። ጥሩ ልጅ ናት፤ ልጠላት ሞክሬ አቃተኝ። ሣሩ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

አባቴ ሜዳው ዳር ቆሞ ነበር። ጓደኛዬ እያለከለከ ሁሉንም ሲነግረው አየሁ። አባቴ ራሱን ነቀነቀና ወደ ቤት ወሰደኝ።

ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ጠራኝ። ጠረጴዛው ፊት እንደ ባለጉዳይ አስቀመጠኝ።

«ቃሌን አላጥፍም» አለ። «ይግባኝ ካልቀረበ በቀር።»

«ለማን ነው ይግባኙ?»

«ለእኔው ነዋ። ሌላ ማን አለ?»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። እሱ ግን አልሳቀም። ስንት ሰው ነበር? ዱላ ይዘዋል? ለመጨረሻው ስንት ኪሎ ሜትር ቀርቶሽ ነበር? እያለ ይጠይቃል፣ ይጽፋል። እጁ እንዴት ያምራል ሲጽፍ!

«ልጆቹ መያዛቸውን እንዳየሽ ወዲያው ተመለስሽ?»

አዎ ብል ማን ያውቅብኛል? እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። ግን ዓይኑን አየሁትና አልቻልኩም።

«ወዲያው አይደለም፣ አባዬ። ሃያ እርምጃ ያህል ሮጫለሁ። እያወቅሁ ነው የሮጥኩት።»

እስክሪብቶው ቆመ። እናቴ ከበሩ ላይ ሆና ታዳምጣለች።

«ይህን አንጽፈውም» አለ አባቴ።

አጎንብሶ የቀረውን ጨረሰ፣ ከግርጌው ፈረመበት፣ ወረቀቱንም አጥፎ ሰጠኝ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው።

«ነገ በስንት ሰዓት ልቀስቅስሽ?» አለኝ።

አሥራ አንድ ተኩል አልኩት።