በጉያ የመጣው ወረቀት

ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ታላቅ እህቴ «አንቺ እኮ ያለ ቀንሽ የተወለድሽው ሆድ ውስጥ መቆየት ሰልችቶሽ ነው» ትለኝ ነበር። ይህን እያወቀ ፈጣሪ በድሬዳዋ ካለው ሥራ ሁሉ መጠበቅ የሚበዛበትን ለእኔ ሰጠኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንድ ግሪክ ሐኪም በክሊኒኩ ጓሮ ትንሽ ላቦራቶሪ ከፍቶ የሕፃናትን ሽንት ይመረምር ነበር፤ እኔ ረዳቱ ነኝ። አንተ እያልኩ ነው የምጠራው፤ ድሬ ላይ አንቱታ ከባቡሩ ሳይወርድ ነው የሚያልፈው። ሐኪሙ ስለ አሚኖ አሲድ ማውራት ከጀመረ ምሳውን ይረሳል። ሥጋችንም ደማችንም የተሠራው እነሱ እንደ ጨሌ ተሰካክተው ነው ይለኛል። ከእነሱ አብልጦ የሚወዳት ሴሪን የምትባለውን ነው። መጀመሪያ የተገኘችው ሐር ትል በክሩ ላይ ከሚቀባው ሙጫ ውስጥ ነው። በባሕር ማዶ ደግሞ ሰውነት ውስጥ የተጻፈውን ትእዛዝ ማንበብ ተጀምሯል፣ ሴሪንን የሚጠራው ቃል የትኛው እንደሆነ ሊታወቅ ነው እያለ በፖስታ የመጣለትን መጽሔት ያገላብጥልኛል። ግማሹ አይገባኝም፤ ደስታው ግን ይጋባብኝ ነበር።

ሥራው ራሱ ቀላል ነው። የሽንቱን ጠብታ ወፍራም ወረቀት ላይ አሳርፍና ወረቀቱን መስተዋት ሣጥን ውስጥ ፈሳሽ ላይ አቆመዋለሁ። ፈሳሹ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲሳብ አሚኖ አሲዶቹን ይዟቸው ይወጣል፤ አንዱን ቅርብ፣ ሌላውን ሩቅ ይጥለዋል። በዓይን አይታዩም። መድኃኒት ተረጭቶባቸው ምድጃ ውስጥ ሲሞቁ ብቻ ሐምራዊ ነጠብጣብ ሆነው ብቅ ይላሉ። እስከዚያ ድረስ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

እህቴ ከደቻቱ ደረቅ ወንዝ ማዶ፣ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ነበር የምትኖረው። ባሏ የባቡር ሠራተኛ ስለሆነ ከቤት ይልቅ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው የሚውለው። በዚያ ሙቀት ጡት የምትጠባ ሴት ልጇን ተቅማጥ ያዛት፤ ተቅማጡ ቢቆምም ልጅቷ ከስታ ቀረች። ሽንቷን አምጪልኝ ብዬ ከወረቀታችን ሰጠኋት። ሽንት ጨርቋ ውስጥ አድርጊው፣ ሲርስ ጥላ ላይ አድርቂውና ይዘሽው ነይ አልኳት። ይዛ መጣች።

ወረቀቱን ከምድጃው ሳወጣ ሴሪን በምታርፍበት ቦታ ትልቅ ሐምራዊ ነጥብ ፈክቶ ቆየኝ። የሌሎቹ ልጆች እዚያ ጋ ፈዛዛ ነው። ሐኪሙ ወደ መስኮቱ ወስዶ ሲያየው የዘወትር ማንጎራጎሩን አቆመ።

«ሴሪኑን ኩላሊቷ ያፈስሰዋል፤ ወይም ሰውነቷ ሊጠቀምበት አልቻለም» አለኝ።

«እና?»

«እስኪጣራ ድረስ ጡት ይቁም። ወተቱ ሊጎዳት ይችላል።»

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስለ እንዲህ ያለ በሽታ አንብቦ ፈርቶ ነው። እኔም ፈራሁ። ይህን ለእህቴ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ፊቷን አሁንም አልረሳውም።

«የኔ ወተት መርዝ ነው እያልሽኝ ነው?»

«እስኪጣራ ነው አልኩሽ እኮ!» ጮኽኩባት። ስፈራ መጮህ ልማዴ ነው።

ለልጅቷ የስኳር ውኃና ትንሽ የሩዝ ውኃ ይሰጣት ጀመር። እህቴ ጡቷ ሲያስጨንቃት እያለበች ጓሮ የፓፓያው ሥር ትደፋዋለች። ልጅቷ የወተቱ ሽታ ሲደርሳት እያለቀሰች ወደ ደረቷ ትንጠራራለች። ለቅሶዋ ቀን በቀን እየቀጠነ ሄደ።

ድጋሚ ይሠራ ብዬ ሌላ ወረቀት ላክሁ፤ እህቴ እንደገና ይዛው መጣች። ነጥቡ ከፊተኛው ባሰ። ሐኪሙ አገሩ ላለ ሌላ ሐኪም እጽፋለሁ አለ፤ ደብዳቤው ደግሞ በመርከብ ነው የሚሄደው። መልሱ እስኪመጣ በስኳር ውኃ ልትቆይ ነው?

በማግሥቱ ረፋድ ላይ እህቴ ቁና ቁና እየተነፈሰች ላቦራቶሪው ደረሰች። ልጅቷን ለጎረቤት ሰጥታ ደቻቱን በዚያ ፀሐይ በእግሯ ነው የተሻገረችው።

«አቦ ንገሪኝ! ላጥባት ወይስ አላጥባት? አንዱን በይኝ።»

አጥቢያት ብላትና ብትሞትስ? አታጥቢያት ብላትና በረሃብ ብትሞትስ? ያኔ እህቴ ላቧን ልትጠርግ እጇን ደረቷ ውስጥ ከተተችና መሐረቧን አወጣች። ጫፉ ላይ የቤቷ ቁልፍ ተቋጥሯል። ጨመቀችው፤ ላቡ ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ።

ዓይኔ እዚያ ላይ ቀረ። «ወረቀቱን የት አድርገሽ ነው ያመጣሽልኝ?»

«እዚሁ ነዋ! የልጄን ነገር ቀፊራን በሚያህል ገበያ መሃል በእጄ አንጠልጥዬ ልምጣ? ወላሂ፣ ዓይን አይምርም።»

«ሁለቱንም ጊዜ?»

«ሁለቱንም ጊዜ።»

ሐኪሙን ጎትቼ አመጣሁት። «ወረቀቱን ላብ ነክቶታል፤ ላብ ውስጥ ሴሪን አለ?» አልኩት። ቆም ብሎ አሰበና «አለ፤ ብዙ አለ» አለኝ። እህቴ ልትስቅ ነው ልታለቅስ አልለይ አለኝ። እሱ ግን እጁን አነሣ። «ልክ ሳትሆኚ አትቀሪም። ግን በግምት ጡት አላስጀምርም። አሳዪኝ።» ልመታው ደረስኩ። ያናደደኝ ደግሞ እውነቱን መሆኑ ነው።

ንጹሕ ወረቀት በመቆንጠጫ አነሣሁና እንደ እህቴ ጡቶቼ መሃል ሸጎጥኩት። ተያይዘን ወጣን። እኩለ ቀን ነው፤ ድሬ ሱቋን ዘግታ ተኝታለች፤ የደቻቱ አሸዋ ጫማ አልፎ ያቃጥላል። ቤት ደርሰን በፈላ ውኃ የታጠበ ብርጭቆ ይዘን ልጅቷ እስክትሸና ጠበቅን። ያልጠጣ ልጅ ከየት አምጥቶ ይሸናል? እህቴ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ትላለች፤ እኔ በሆዴ እራገማለሁ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ልጅቷ ጥቂት ጠብታ ሰጠችን። ብርጭቆውን በጨርቅ ሸፍኜ በጋሪ ተመለስኩ።

የኔን ላብና የልጅቷን ሽንት ጎን ለጎን አቆምኩና አሳደርኳቸው። ጠዋት መድኃኒቱን ረጭቼ ምድጃ ውስጥ ከተትኳቸው። ምድጃውን ስንከፍት የልጅ ሽንት ያልነካው የኔ ወረቀት ላይ ያ ትልቅ ሐምራዊ ነጥብ ተቀምጧል። የልጅቷ እንደ ሌሎቹ ልጆች ፈዛዛ ነው።

«ሂጂ» አለኝ ሐኪሙ፤ «ምን ትጠብቂያለሽ?»

በጋሪ ስደርስ እህቴ የቤቷ በር ላይ ቆማ ነበር። ከጋሪው ሳልወርድ «አጥቢያት!» ብዬ ጮኽኩ። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጡቷን አወጣች። ልጅቷ ግን አፏን አዞረች። እንደገና ሰጠቻት፤ እንደገና አዞረች። አቅሟ አልቆ ይሆን፣ ረስታው ይሆን? ዘግይቼ ገደልኳት ብዬ አሰብኩ። እህቴ ወተቷን በጣቷ እያደረገች ከንፈሯን ታስነካት ጀመር። ልጅቷ ላሰች። ቀስ ብላ ያዘች። ሁለታችንም ጉሮሮዋን እናያለን።

«ዋጠች» አለች እህቴ።

ጎኗ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ልጅቷ እየጠባች እንቅልፍ ወሰዳት። ኋላ እህቴ ቀና ብላ ሳታየኝ የልጅቷን ራስ ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች።

«ያንን ወረቀት አሁንም ብትሰጪኝ» አለች፣ «እዚሁ ነው የምይዘው።»